ዶክተር ሰላም ያየችው ቁስል

ኦፕራሲዮን ተደርጋችሁ ገና ከአልጋ ሳትወርዱ አንድ ሰው ስልካችሁን ተቀብሎ "ከእንግዲህ ይሄ ይከታተላችኋል" ካላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ውጫሌ ድረስ ጭኜ እሄዳለሁ። ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። የሚዋሸኝን ሰው ዓይኑን አይቼ እለያለሁ ብዬ ስፎክር የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ሰው ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ዋሸኝ፣ እኔም አመንኩት። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት። የሠራውን ግን እጽፋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በረመዳን ነው። ካፈጠርን በኋላ ሳምቡሳ ቀመስ ሳደርግ ከቀኝ ጎድን አጥንቴ ሥር ጭምድድ ያደርገኝና ወደ ትከሻዬ ይወጣል። ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኢድ አለፈ፣ እሱ ግን አላለፈም። ቅባት በነካሁ ቁጥር ይመጣል፤ ዶሮ የበላሁ ቀንማ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።

ሐይቅ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ሆዴን እንኳ ሳይነካ "ጨጓራ ነው" አለኝ። ክኒኑ አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ደሜን አዩና "ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ" አሉኝ። ወላሂ፣ እኛ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው የሚቸግረው! ተራ እየጠበቅን በተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ያለነው ሴቶች ሁላችንም ታይፎይድ ነን፤ አንዷ ጉልበቷን አሟት መጥታ እሷም ታይፎይድ ተባለች። እዚያ አግዳሚ ላይ እንደሳቅነው ያን ሰሞን የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አይለኝም። መርፌዬን ተወግቼ ወደ ቤቴ፣ ከቤቴ ተመልሼ ወደ አግዳሚው።

ቤታችንም ሰላም አጣ። አማቴ "ዓይን ነው፣ ሱቅሽን ያዩብሽ ናቸው" ትላለች። ባለቤቴ ሰይድ ከሐይቅ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሲደክመው የሚናገረውን አያውቅም። አንድ ቀን፣ ሕመሙ ይዞኝ ራት ሳልሠራ ሲደርስብኝ፣ "አንቺ እኮ በሽታውን እንደ ጨርቅሽ ነው የምትቀያይሪው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። የሚያመኝ ሆዴ ነው ወይስ የሱ ንግግር፣ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ።

ያወጣኝ ገበያ ነው። ውጫሌ ጨርቅ ዘርግቼ ተቀምጬ፣ የድሮ ደንበኛዬ የሆነች ሴት አቡጀዲ አንስታ ወደ ፀሐይ ስታየው ቆየችና እኔን አየችኝ። "ኧረ ዘሀራ፣ ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው? እርድ ነሰነሱበት እንዴ?" አለች። መስታወት አስመጥቼ ሳይ እውነትም ቢጫ ሆኗል። ሰይድ ማታ መብራት አብርቶ ዓይኔን አየ። በማግስቱ ጠዋት ተሳፋሪ ሳይጭን፣ እኔን ብቻ ጋቢና አስቀምጦ ደሴ አወረደኝ።

ደሴ፣ አንድ የግል ሆስፒታል፣ በአልትራሳውንድ አዩኝ። ለካስ የሐሞት ጠጠር ነው። ሐሞት ከጉበት ሥር ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቅባት የሚፈጨው በሱ ነው። እዚያች ከረጢት ውስጥ ጠጠር ሲሠራ ቅባት በበሉ ቁጥር ያማል፤ ጠጠሩ ወርዶ ቱቦውን ሲዘጋው ደግሞ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ስንት ወር ሙሉ ጨጓራና ታይፎይድ ሲሉኝ የነበረው ይኸው ነው። መከፈት አለበት ተባለ። የሱቄ ግማሽ ጨርቅ በዚያው ሄደ፤ ይሂድ፣ ነፍስ ይበልጣል።

ኦፕራሲዮኑን የሠራኝ ሐኪም ጥሩ ሰው ይመስል ነበር። የኛ አካባቢ ሰው አይደለም፤ ግን አነጋገራችንን ለምዷል። ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ መፍራቴን አየና ጎንበስ ብሎ "አብሽሪ ዘሀራ" አለኝ። ያቺ አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለት ናት፣ ገባችልኝ። ከራሳችን አፍ የወጣች ቃል ናትና ወንድሜ አጠገቤ የቆመ ያህል ነው የተሰማኝ። ሥራውንም አልክድም፣ ጠጠሩን በደንብ አውጥቶልኛል። ቁጣዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው።

ልወጣ ስል ስልኬን ተቀበለኝና አፕ ጫነበት። "ለእያንዳንዱ ነገር ከሐይቅ ድረስ መመላለስ የለብሽም። በየቀኑ ጠዋት ፋሻውን አንስተሽ ቁስሉን ፎቶ አንሺው፣ ሐኪም ያየዋል፣ መልስ ይሰጥሻል" አለኝ።

ደነገጥኩ። ሆዴን ከባሌና ከሐኪም በቀር ወንድ አይቶት አያውቅም። "ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ የሚያየው ሰው ወንድ ነው ሴት?" አልኩት።

ፈገግ አለ። ስልኩን ወደኔ አዞረው፤ ነጭ ጋወን የለበሰች መነጽር ያደረገች ሴት ሥዕል አለበት። "ሴት ናት። ዶክተር ሰላም ትባላለች። አታስቢ" አለኝ።

"እናቴ ቤት ነው የምገግመው፤ አምባሰል፣ ገጠር ነው።"

"ገጠርም ብትሆኚ ይሠራል" አለኝ።

ተደሰትኩ። ምስክሬ አላህ ነው፣ እጁን ልስመው ነበር።

እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትወልድም ስትታመምም ወደ እናቷ ነው የምትሄደው። ልጆቼን ለአማቴ ትቼ፣ ሰይድ ከውጫሌ በላይ መኪና እስከሚደርስበት አደረሰኝ፤ ከዚያ በበቅሎ ቀስ እያልኩ እናቴ ቤት ገባሁ። ስልክ ቻርጅ የማደርገው ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ሶላር ላይ ነው። እትዬ አስካለ ክርስቲያን ናት፤ እኔን ያሳደገችኝ ግን ከእናቴ እኩል ነው።

በየጠዋቱ የምናደርገው ነገር ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቴ በሩን ትዘጋለች። እኔ እተኛለሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው ቁስሌ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ ሻሼን አስተካክዬ አስራለሁ፤ ሐኪም ፊት እንዴት ተንጨባርሬ እቀርባለሁ ብዬ! እናቴ ፋሻውን ታነሳና "ሰላም በያት እንጂ" ትለኛለች። እኔም ለስልኩ "እንዴት አደሩ ዶክተር፣ አፊያ ነዎት?" እለዋለሁ፤ ከሥር መጻፊያ ስላለው እጽፍላታለሁም። ፎቶውን አነሳለሁ። ትንሽ ይዞርና ጢን ብሎ አረንጓዴ ክብ ይመጣል። "ዶክተር ሰላም፦ ቁስልዎን ተመልክቼዋለሁ። በጥሩ ሁኔታ እየዳነ ነው" ይላል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። "ምን አለች?" ትለኛለች።

"አየሁት፣ እየዳነ ነው አለች።"

"አላህ እድሜዋን ያርዝመው። የሰው ቁስል ጠዋት ጠዋት ማየት ቀላል ነው እንዴ? ገና እህል ቀምሳ አፏን ሳትሽር እኮ ነው።"

ከዚያማ ዶክተር ሰላም ቤተሰብ ሆነች። እናቴ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ይደረጋል። እናቴ በሁሉም ዱዓ መሐል እጇን ዘርግታ "ለዚያች ለልጄ ሐኪም ዱዓ አድርጉልኝ። ወልዳ ትሳም፣ እጇ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይኗ አይድከም" ትላለች። ሁሉም "አሚን" ይላል። እትዬ አስካለም ከጥግ ተቀምጣ "አሜን፣ እመቤቴ ትጠብቃት" ትላለች። አንድ ቀን እናቴ "ባል አላት ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምኑን አውቄ! "ጠይቂያታ" አለችኝ፣ እኔም አፈርኩ። ስለ ሰው ባል ጽፌ ልጠይቅ?

ቁስሉ መለወጥ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ አንዱ ጫፍ ላይ እርጥበት ፋሻውን ይነካው ጀመር። ፎቶ አነሳሁ፤ አረንጓዴ። በማግስቱ ስተነፍስ ከውስጥ ይጎትተኛል። ፎቶ አነሳሁ፤ አረንጓዴ። "ተመልክቼዋለሁ" ትላለች።

አንድ ጠዋት እናቴ ፋሻውን አንስታ ፊቷ ተለወጠ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። "ዘሀራዬ፣ ሽታው አላማረኝም። ውጫሌ እንውረድና ሰው ይይሽ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ዶክተሯ አይታዋለች እኮ! አንቺ ከሐኪም ልትበልጪ ነው?"

ፋሻውን መልሳ አለበሰችኝና ወጣች። የማላውቃትን ሴት አምኜ የወለደችኝን እናቴን አፏን አስያዝኳት። ለዚህም ጭምር ነው ያን ሰው የማልምረው።

ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጋቢ ይደርቡልኛል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ትንሽ ቆይቶ ላብ ያጠምቀኛል። ምግብ አፌን አስጠላኝ። ጻፍኩላት፦ "ዶክተር ሰላም፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያልበኛል፣ እባክዎ ምን ላድርግ?" ወዲያው መለሰች። "መልእክትዎን ተቀብያለሁ። ቁስልዎ በጥሩ ሁኔታ እየዳነ ነው። ንጽሕናውን ይጠብቁ፣ በቂ እረፍት ያድርጉ።" አነበብኩትና ትንሽ ቀለለኝ፤ ቢያንስ የምታውቅ ሰው አውቃልኛለች ብዬ። ሲመሽ ግን ፍርሃቱ ይመጣል። የልጆቼን ስም በልቤ እየጠራሁ እተኛለሁ፤ ሳልነሳ ብቀር ማን ፀጉራቸውን ይሠራል እያልኩ።

ሰይድ የመጣው ሳይጠራ ነው። ከውጫሌ በእግሩ ወጥቶ፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ፣ ገና ከበር ላይ ተቆጣ።

"ስልክሽን ለምንድነው የምትዘጊው? እዚያ ልጆች ይዤ ላብድ ነው እኮ!"

"አልዘጋሁም። እዚህ ኔትወርክ የለማ። ተራራው ላይ ካልወጡ አይሠራም፤ እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ ልውጣ?"

አጠገቤ ተቀመጠ። ግንባሬን ነካና እጁን ቶሎ አነሳ። "ታዲያ ፎቶውን በምን ትልኪዋለሽ?" አለኝ።

"በአፑ ነዋ። ዶክተሯ ትመልስልኛለች። ዛሬም መልሳልኛለች፣ ይኸው።"

ስልኩን ተቀብሎ አየው። ወደ በሩ ወስዶ ወደ ላይ አነሳው፣ ዞረበት፣ መልሶ አየው። ተመልሶ ሲመጣ ቁጣው ጠፍቷል፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

"ዘሀራ፣ እኔ ሐይቅ ሆኜ አንቺን ማግኘት ያቃተኝ፣ እሷ ከደሴ በየት በኩል ነው የምታይሽ?"

ወየው! ያቺን ቃል ስሰማ ከትኩሳቱ የባሰ ብርድ ነው የያዘኝ። ገጠርም ቢሆን ይሠራል ሲለኝ የሆስፒታሉ ስለሆነ የራሱ መስመር አለው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ፎቶው ለካ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ሻሽ አስሬ፣ አፊያዋን ጠይቄ፣ እናቴ በር ዘግታ፣ የሚያየን ማንም አልነበረም። ስልኩ ነው በራሱ ጊዜ "ተመልክቼዋለሁ" የሚለው። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለሷ አልነገርናትም፤ ሰይድ "ወደ ሐኪም ልውሰዳት" ብቻ አላት፣ እሷም "እሰይ! ዶክተር ሰላም ራሷ ትያት" አለች።

የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ አምጥተው ተሸክመው አወረዱኝ። ከፊት ያሉት "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላሉ፣ ከኋላ የእትዬ አስካለ ልጆች በማርያም ስም ይለምናሉ፤ እኔ መሐል ላይ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ። ውጫሌ ስንደርስ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የሰይድ ያልተነሱ ጥሪዎች፣ የደንበኞቼ፣ የአማቴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ። ከሆስፒታሉ ግን ምንም የለም። ከዚያ አፑ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ፦ "ያልተላኩ መልእክቶች እየተላኩ ነው።" እንዴት አደሩ ያልኳት፣ አፊያ ነዎት ያልኳት፣ ብርድ ብርድ ይለኛል ያልኳት ሁሉ ገና ያኔ መሄዱ ነው። ሰይድ እያየ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሚኒባሱን እንደዚያ ቀን ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ደሴ ስንደርስ ያየችኝ ተረኛዋ ሐኪም ናት። ወጣት፣ ድካም ዓይኗ ሥር የሚታይ። ኮሪደር ላይ ሰው ሞልቶ አልጋ ስለጠፋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነው ያየችኝ። ፋሻውን ከማንሳቷ በፊት አፍንጫዋ ነው ያወቀው። የእጇን ጀርባ ሆዴ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ በጣቷ ቀስ ብላ ተጫነችው። ጮኽኩ። መግሉ ወጣ።

"እንዴት እስከዚህ ድረስ ቆየሽ እህቴ?"

"ዶክተር ሰላም እየዳነ ነው አለችኝ።"

"የት ነው የምትሠራው?"

"እዚሁ። እናንተ ጋ።"

ነርሷን አየቻት፣ ነርሷም እሷን። "እዚህ ዶክተር ሰላም የምትባል የለችም" አለችኝ፣ በቀስታ።

ስፌቱን ፈትተው ቁስሉን ከፈቱት። ተከፍቶ፣ በየቀኑ እየታጠበ፣ ከሥሩ እየሞላ ነው መዳን ያለበት አሉኝ። በኋላ ያቺ ሐኪም ገብታ አስረዳችኝ። ቁስል ከላይ የገጠመ መስሎ ከሥሩ መግል ይቋጥራል። ፎቶ የሚያሳየው ቆዳውን ነው፤ ሙቀት አያሳይም፣ ሽታ አያሳይም፣ ሲጫኑት ማመሙን አያሳይም። ደግሞ አፑ የሚፈልገው መቅላትን ነው፣ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት ቶሎ አይለይም። "ትንሽ ብትቆዪ ወደ ደምሽ ይገባ ነበር" አለችኝ። ወደ ደም ከገባ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኋትም፣ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ።

እኔ እኮ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ! ደንበኛ ፎቶ አምጥታ "ይሄን ቀለም ስጪኝ" ስትለኝ "ፎቶ ቀለም ላይ ይዋሻል፣ መጥተሽ ዳስሰሽ ውሰጂ" ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። ለሰው አቡጀዲ የማልቀበለውን ለገዛ ሆዴ ተቀበልኩ። የተቀበልኩት ግን አንድ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰው አለ ስላለኝ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ በማግስቱ ዙር ሲመጣ ጠበቅሁት። ካርዴን አየ፣ ቁስሉን አየ፣ ፊቱ ከበደው። "ይቅርታ፣ ሲስተሙ አልያዘውም" አለ።

"ዶክተር ሰላምን ጥሩልኝ" አልኩት።

"ዘሀራ፣ ዶክተር ሰላም የሲስተሙ ስም ነው።"

"ሴት ናት አላሉኝም?"

ካርዴን ዘጋ። ሌሎቹ ሐኪሞች ጫማቸውን ያያሉ። "እንድትረጋጊ ብዬ ነው" አለኝ።

እንድረጋጋ! እውነቱን ቢነግረኝ፣ "ይሄ ማሽን ነው፣ ሊሳሳት ይችላል፣ ከሞቀሽ ወይም ከሸተተሽ ነይ" ቢለኝ፣ እናቴ ባሸተተች ቀን ውጫሌ ወርጄ ነበር። የያዘኝ ማሽኑ አይደለም፣ የሱ ቃል ነው። ገላዬን ለማሳየት ያፈርኩትን እፍረት አውቆ፣ በእፍረቴ በኩል ገብቶ ዋሸኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሰው አንቱ ብዬው አላውቅም። "አንተ ነህ የገደልከኝ" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። ሰይድ እጄን ያዘኝ እንጂ ሌላም እጨምር ነበር።

ረጅም ጊዜ ተኛሁ። ቁስል ሲታጠብ የሚያመውን ሕመም ያየው ያውቀዋል። ያቺ ተረኛ ሐኪም ግን ተራዋ ባልሆነ ቀን እንኳ ጎራ ብላ እጇን ታሳርፍብኛለች። ከጎኔ የተኛች የቦረና ሳይንት ሴት፣ ልጇ ያመጣላትን የአጃ አጥሚት ግማሹን ለኔ ትቀዳለች። ሰይድ ከየጉዞው በኋላ ይመጣል፤ አንድ ቀን እግሬ ሥር ተቀምጦ "ያን የጨርቅ ነገር ስናገር አፌን በቆረጠው" አለኝ። ሳቅሁ፤ ስስቅ ቁስሉ አመመኝ፣ ቢሆንም ሳቅሁ።

አፕ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ክኒን ሰዓቱን ያስታውሳል፣ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ እሰየው። ቁስል አየሁ ሲላችሁ ግን "ማን ነው ያየው?" በሉ። ስሙን፣ የሚሠራበትን ክፍል ጠይቁ፤ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። ድምፅ ከሌለው ሰው የለበትም። ትኩሳት፣ ብርድ፣ ሽታ፣ እርጥበት ካያችሁ አረንጓዴም ይበል ሰማያዊ፣ ተነሡና ሰው ጋ ሂዱ። እናታችሁ አላማረኝም ካለቻችሁ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሂዱ።

የምወጣ ቀን እናቴ ከአምባሰል መጣች፤ ተረኛዋ ሐኪም እንዴት እጇን እንደምታሳርፍብኝ ነገርኳት። ለዶክተር ሰላም ማር ይዛለች፤ በጥንቃቄ በጨርቅ የተቋጠረ። ቀዶ ሐኪሙ ቢሮው አስጠርቶን ነበር፣ እኔና ሰይድ ፊት ለፊቱ፣ እናቴ ማሩን ታቅፋ ከጎኔ። የቀጠሮ ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ ምን አስነካው፣ "አፑ ለብዙ ታካሚ ጠቅሟል፣ በአንድ ሰው ስህተት ግን..." ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። የተቀመጥኩበት ወንበር ክንዱ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ስልኬን አውጥቼ እሱ እያየ ስፌቱን ፎቶ አነሳሁት። ትንሽ ዞረ፤ አረንጓዴው መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ዶክተር ሰላም፦ ቁስልዎን ተመልክቼዋለሁ። በጥሩ ሁኔታ እየዳነ ነው።"

እናቴ ድምፁን ለይታ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለችብኝ። "ምን አለች?"

ስልኩን ወደሱ ገፋሁት። "እሱ ይንገርሽ እማዬ" አልኳት።

ሰውየው ስልኩን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ማሩን አየ። "እማማ፣ ዶክተር ሰላም ሰው አይደለችም። ስልኩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ፎቶውን አይቶ የሚመልሰው ስልኩ ራሱ ነው" አላት።

"ልጄን ሰው አላያትም?"

"አላያትም።"

እናቴ ማሩን ከጭኗ ወደ ክንዷ አዛወረችው። "ታዲያ ያን ሁሉ ሐሙስ ዱዓ ያደረግነው ለማን ነው?" አለችው። አልተቆጣችም። ዕቃ አስቀምጣ ያጣች ሰው እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው።

ዓይኑ ውሃ ሞላ።

"እንግዲህ ላንተ ይሁንልህ ልጄ" አለችው። "አንተ ሳትፈልገው አትቀርም። ማሩ ግን የዚያችኛዋ የተረኛዋ ነው፣ ልጄ ላይ እጇን ያሳረፈችው።"

ተነሣን። በሩ ጋ ስንደርስ ተከተለኝና ይቅርታውን በኛው ቃል፣ እንደዚያች አብሽሪ፣ "አውፍ በይኝ ዘሀራ" አለኝ።

እናቴ ዱዓዋን ሰጥታዋለች፤ የራሷ ነው፣ ትስጠው። እኔ ሻሼን አስተካክዬ አስሬ ወጣሁ። አውፍ አላልኩትም። እስከ ዛሬም አላልኩትም።